የእማማ ባልጩት

መስከረም ሲጠባ አቃቂ ተራራዋን መልሳ ታገኛለች። ሐምሌና ነሐሴ ዋልካው ጫማ እየነቀለ፣ ጉሙ የረርንም ዝቋላንም እየዋጠ ይከርማል። ከዚያ አንድ ማለዳ በሬን ከፍቼ ስወጣ ዝቋላ በደቡብ በኩል ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ፤ አናቱ ጎመድ ያለ፣ ገላው ውሃ ሰማያዊ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የማየው ተራራ ነው። ቢሆንም በየዓመቱ መጀመሪያ ብቅ ያለበትን ቀን ሳይ ልቤ ይደነግጣል፤ እግሬም መንገድ መንገድ ይለዋል።

መጀመሪያ የወሰደችኝ አያቴ ናት፤ እማማ ነበር የምላት። ጊዜው ጥቅምት 1967 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ከወረዱ ገና ወር ከምናምን ስለሆነ ባቡሩ ውስጥ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ እኔ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝና ዓይኔ ከመስኮቱ አልተነቀለም። ከአቃቂ ጣቢያ ተሳፍረን ደብረ ዘይት ወረድን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነው። እማማ በሶና ዳቦ ቆሎ በአቁማዳ ቋጥራ፣ ጥቁር ጃንጥላዋን ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ከግራና ከቀኝ ጤፉ አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ ይተኛና ይነሣል። መንገዱ በነጭ ልብስ የተሞላ ነበር። ጥቅምት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ነውና ከየአቅጣጫው ሰው ወደ ዝቋላ ይተማል። ማታ ከተራራው ሥር ወንበር ማርያም ደርሰን ሜዳ ላይ ካደሩት ጋር አደርን።

በማግስቱ አቀበቱን ስንጀምር ተረከዜ ላይ እሾህ ገባ። እያነከስኩ ትንሽ ሄድኩና ተቀምጬ አለቀስኩ። እማማ ጃንጥላዋን አስቀምጣ ከመቀነቷ ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈታች። ከውስጡ የወጣው የአውራ ጣቴን የምታህል ጥቁር ድንጋይ ናት፤ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ታበራለች፣ ጠርዟ ብርሃን ያሳልፋል። እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ በዚያ ጠርዝ ቆዳዬን ሰነጠቀችው። ምንም አልተሰማኝም። እሾሁን በጥፍሯ ይዛ አወጣችና ደሙን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«ባልጩት ነዋ! አባቴ ራሱን የሚላጨው በዚህ ነበር።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአዋሽ ማዶ» አለችኝ፤ ቋጠሮዋን መልሳ አሰረችና ተነሣች።

ከጥዱ መሃል ወጥተን ሐይቁ ከተራራው አፍ ውስጥ ተኝቶ ስናይ ሁላችንም ዝም አልን። በገደሉ ዳር ሁለት አለቶች ተጠጋግተው የቆሙበት ቦታ አለ፤ ኃጢአት ያለበት ሰው በመሃላቸው አያልፍም ይባላል። እማማ ጃንጥላዋን ለእኔ ሰጥታ ጎኗን አስገብታ ሾለከች። እኔ ፈርቼ ዞሬ ሄድኩ። ጻድቁ ከስልሳ አንበሳና ከስልሳ ነብር ጋር የኖሩት እዚህ ነው ብላ ስትነግረኝ ከእያንዳንዱ ጥድ ጀርባ ነብር እጠብቅ ነበር።

እማማ በ1979 ዓ.ም. አረፈች። ባልጩቷ ከመቁጠሪያዋ ጋር ለእኔ ደረሰችኝ። የአዋሽን ማዶ ግን ሳልጠይቃት ቀረሁ። አዋሽ ረጅም ወንዝ ነው፤ ማዶውም እንደዚያው።

እኔ ፋብሪካ ገባሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቶርኖ ማሽን ላይ ቆሜ ብረት ስልጥ ኖሬ በ2016 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሬዲዮ ስሰማ ዩኔስኮ ኒው ዴልሂ ላይ ባደረገው ጉባኤ «መልካ ቁንጡሬና ባልጩት» የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ አለ። ባልጩት የሚለው ቃል ሲጠራ ከወንበሬ ተነሣሁ። ለካ በዚህ ድንጋይ ስም የሚጠራ መንደር ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ላይ ኖሯል፤ ያውም አዋሽ አጠገብ!

ከእኔ ጋር ጡረታ የወጡ ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው። የወር ማኅበር ስላለን መዋጮው አላስቸገረም፤ ክረምቱ ሲወጣ በየቅዳሜው አንድ ሃይሩፍ ተከራይተን እንድንወጣ ተስማማን። የ2017 መስከረምና ጥቅምት እንዲህ ሆነው ነው ያለፉት። ብዙ በዓል አክብሬአለሁ፤ እንደዚያ ዓመት ጸደይ የጠገብኩት ግን የለም።

መስቀልን በሰፈራችን ደመራ አሳለፍን። መስከረም 26 እሑድ የኢሬቻ ዕለት ገና ሳይነጋ የደብረ ዘይት መንገድ በነጭ ልብስ ተሞላ። አርባ ዓመት አብረን የኖርን ጎረቤቴ ከቤተሰቧ ጋር ስትወጣ በሬን አንኳኩታ «ተነሥ፤ ክረምቱን ላሻገረን ምስጋና ሳታቀርብ ልትቀመጥ ነው?» አለችኝና አብሬያት ቢሾፍቱ፣ የድሮው ደብረ ዘይት፣ ሄድኩ። ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዘን ቆምን። አባ ገዳዎቹ መረቁ፤ እሷ ሣሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ራሷ ላይ ረጨች፣ ቀጥላም በእኔ ላይ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ከሕዝቡ ጀርባ አሻግሬ ሳይ ዝቋላ በደቡብ ምዕራብ በኩል ቆሞ ያየናል።

ጥቅምት 2 ቅዳሜ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ያዝን። መልካ ቁንጡሬ አዋሽን ከሚሻገረው ድልድይ አጠገብ ነው፤ «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ሙዚየሙ በግቢው ውስጥ የተሠሩ ክብ ክብ ጎጆ ቤቶች ናቸው። ቦታውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ጌራርድ ዴከር የሚባል የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ ነው፤ ከእሱ በኋላ ዣን ሻቫዮን የተባለው ፈረንሳዊ ለብዙ ዓመታት ቆፍሮበታል። የታችኞቹ የአፈር ድርቦች ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋሉ።

መስተዋቱ ውስጥ የተደረደሩትን የድንጋይ መጥረቢያዎች ሳይ ጓደኞቼ አልፈውኝ ሄዱ። እኔ ቆምኩ። አንዱ የእንባ ጠብታ ቅርጽ አለው፤ ከሁለት ፊት ተፈልጦ ተፈልጦ መሃል ላይ የሚገናኝ ስለታም ጠርዝ አውጥቷል። የቶርኖ መቁረጫ የሳለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጠርዙ በጣም ከቀጠነ ይሸረፋል፤ ከወፈረ ደግሞ ብረቱን ይፍቃል እንጂ አይቆርጥም። መሃሉን ማግኘት አለብህ፤ እሱን ለማግኘት ስንት መቁረጫ አበላሽቻለሁ። ይህን የሠራው ሰው አግኝቶታል፤ መለኪያ የለው፣ የሚሞርድበት ማሽን የለው። ሁለት ፊቱም እኩል ነው። እንዲህ እኩል ያደረገው ለመቁረጥ ብቻ አይመስለኝም፤ ሲያየው ደስ እንዲለውም ነው።

የቁፋሮው ቦታ ጎምቦሬ ይባላል፤ ከሙዚየሙ በእግር ይኬዳል። ጣሪያ ተሠርቶለት አጥንቱም ድንጋዩም እንደተገኘ፣ በተገኘበት ወለል ላይ ተኝቷል። አስጎብኚው ልጅ እዚሁ አካባቢ ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የአዋቂዎችና የሕፃናት ዱካ፣ ከእንስሳት ኮቴ ጋር፣ በውሃ ዳር ጭቃ ላይ ታትሞ መገኘቱን ነገረን። «ለምን ወደ ሙዚየሙ አላስገባችሁትም?» ብሎ ከእኛ አንዱ ስለ ድንጋዮቹ ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ብቻውን ምንም አይነግረንም» አለ ልጁ። «ከየትኛው አጥንት አጠገብ፣ ከየትኛው አመድ በታች እንደነበረ ነው የሚናገረው። ከቦታው ካነሡት አፉን ዘጉት ማለት ነው።»

ኪሴ ውስጥ ያለችውን ባልጩት ጨበጥኳት። ላሳየው ነበር ያመጣኋት፤ ይህን ሲል ግን አፈርኩና ዝም አልኩ።

ስንመለስ አቃቂ ስንገባ የድሮውን ሐዲድ አየሁት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በእኛ ሰፈር ነው፤ አቃቂን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። እማማና እኔ የተሳፈርንበት መስመር ዛሬ በከፊል በአፈርና በአስፋልት ተሸፍኗል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. በሌላ በኩል መጥቷል፤ መምጣቱ መልካም ነው። የድሮው ብረት ግን እየተነቀለ የአጥር ቋሚ ሆኖ አይቼዋለሁ። ብረት አውቃለሁና ከሩቅ እለየዋለሁ፤ የሐዲድ ብረት ነው። ጠንካራ አጥር ይወጣዋል። እዚያ ቆሞ ሳየው ግን ያስለቅሰኛል። ነገ ልጆቼ ባቡሩ የት ጋ ይቆም ነበር ቢሉኝ የማሳያቸው በሰው ግቢ ዙሪያ የተተከለውን ነው?

በሳምንቱ ጥቅምት 9 አዳዲ ማርያምና ጢያ ሄድን። ጢያ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ዝናብ መጣብን። ከ36ቱ ትክል ድንጋዮች 32ቱ ተቀርጸዋል፤ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ አለ። የአገሬው ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል፤ ጥናቱ ደግሞ ከግራኝ ዘመን በፊት እንደቆሙ ያሳያል። ከሥራቸው የተቀበሩት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው መባሉን ስሰማ ዝናቡን ረሳሁት።

አዳዲ ማርያም ላይ ግን ሰዓቱን አላወቅነውም። ከሩቅ የሚታይ ነገር የለም፤ ዛፍና ሣር ብቻ። ስትቀርበው ምድሩ ይከፈልና ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያው ከመሬት እኩል ሆኖ ከታች ይታይሃል፤ ዙሪያው እንደ ቦይ ተቆፍሮ ከአንድ አለት የወጣ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ጨለማ ነው፤ በትንንሾቹ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ይቆራረጣል። እጄን ግድግዳው ላይ አሳለፍኩት፤ የመጥረቢያው ምት አንድ በአንድ ይዳሰሳል፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ። አንድ አባት ከበሩ ቆመው ታሪኩን ነገሩን። ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ በመጣ ጊዜ ያስፈለፈለው ነው ይባላል።

«ወደ ዝቋላ?» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ፣ ወደ አቡዬ።»

ስድሳ ዓመት ላለፈው ሰው ልጄ ሲሉት ደስ ይላል። እማማ የሄደችበትን መንገድ ንጉሡም ሄዶበታል ብዬ በልቤ ነገርኳት።

ጥቅምት 16 ቅዳሜ ሌሎቹ ለቅሶ ስለነበረባቸው ብቻዬን ወደ ባልጩት መንደር ሄድኩ። ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ በኩል ነው። መሬቱ ጠርሙስ ተሰብሮ የፈሰሰበት ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ማሳው ውስጥ፣ መንገዱ ላይ፣ የጤፉ ሥር ጥቁር ጥቁር ያበራል። ጥንት የነበሩት ሰዎች ለመሣሪያቸው ከዚህ ይወስዱ ነበር፤ ከ1 ሚሊዮን ተኩል ዓመት በፊት የተፈለጠ ባልጩት አዋሽ ዳር ተገኝቷል።

የቦታውን ጠባቂ ሰላም ብዬ የእማማን ድንጋይ አወጣሁ። አፍሬም ቢሆን ሁሉንም ነገርኩት። ሰውዬው መዳፉ ላይ አገላበጣት፤ በጥፍሩ ጠርዟን ነካና ወደ ፀሐይ አነሣት።

«ይቺ በሰው እጅ የተፈለጠች ናት» አለኝ። «አዩ ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው የተመታችው፤ ከዚህ ተነሥቶ እንደ ውሃ ሞገድ ወጥቷል።»

«እዚህ ልተዋት?»

«ከዚህ እንደ ተነሣች ያውቃሉ?»

«ከአዋሽ ማዶ ብቻ ነው ያለችኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው እዚህ ቢጥሏት ነገ የሚቆፍረው ሰው ከዚህ የወጣች ይመስለዋል። ውሸት እናስተምረዋለን። እርስዎ ዘንድ ብትቆይ ይሻላል፤ የሚያውቁትን ግን ይጻፉላት።»

ማታ ቤቴ ገብቼ የልጅ ልጄን ደብተር ለመንኩና አንድ ገጽ ቀደድኩ። «ባልጩት። የእናቴ እናት አባት ራሱን የሚላጭበት። ከአዋሽ ማዶ። ጥቅምት 4 ቀን 1967 ዓ.ም. ዝቋላ አቀበት ላይ ከእግሬ እሾህ ወጥቶበታል» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን በድንጋይዋ ላይ ጠቅልዬ በክር አሰርኩት፤ እማማ መቀነቷ ላይ ታስረው በነበረው ዓይነት ቋጠሮ።