ከበዓሉ ማግሥትስ?

በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥን ዙሪያ ተጠጋግተን የምናየው አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ወታደሩ ከግንባር ይመለሳል፤ ከአንዲት ልጅ ጋር ይተዋወቃል፤ በዋዜማው ይኳረፋሉ፤ በበዓሉ ዕለት ይታረቃሉ፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ አለቀ። እኛ ዕጩ መምህራንም እንስቃለን፤ አንዳንዴም ዕንባችንን እንጠርጋለን። ደስ መሰኘቱ ነውር የለበትም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀረናል፦ በማግሥቱስ ምን ሆኑ?

የዚህ ዓይነቱ ፊልም እጅግ የተለመደው በአሜሪካን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1944፣ ጦርነቱ ሳያልቅ በወጣው «አይል ቢ ሲይንግ ዩ» በተሰኘው ፊልም፣ አንድ ሃምሳ አለቃ ለገና ፈቃድ ተሰጥቶት ከሆስፒታል ይወጣል። ቁስሉ ቢሽርም ብቻውን ሲሆን ጭንቀቱ ይነሣበታል። ፍቅር ያግዘዋል እንጂ ሕመሙን አያጠፋለትም። በ1954 በወጣው «ኋይት ክሪስማስ» ደግሞ ጡረታ የወጣ ጄኔራል ሆቴሉ እንግዳ አጥቶ ይቸገራል፤ ወደ ሠራዊቱ ልመለስ ቢልም አይሆንለትም። የቀድሞ ወታደሮቹ ተሰብስበው ሲያከብሩትና በረዶው ሲወርድ ግን ችግሩም አብሮ ይሸፈናል። በ2006 በወጣው «ዘ ክሪስማስ ካርድ» ይባስ ብሎ፣ አፍጋኒስታን የዘመተው ወታደር ከማያውቃት ሴት ካርድ ይደርሰዋል፤ ወደ ከተማዋ ሲሄድ ሥራውንም፣ ቤተሰቡንም፣ ፍቅሩንም በአንድ ገና ጠቅልሎ ያገኛል። ምን አለፋችሁ፣ ዘመኑ በገፋ ቁጥር ሕመሙ ከፊልሙ እየጠፋ፣ መሳሙ ብቻ ቀረ!

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከ450,000 በላይ ሰው ወደ ሲቪል ኑሮ ተመለሰ፤ የሚያቋቁም ኮሚሽንም ተቋቋመለት። ከ1993ቱ የአልጀርስ ስምምነት በኋላ ደግሞ ወደ 150,000 የሚጠጉ ተሰናበቱ። በ2015 ዓ.ም. ከፕሪቶሪያው ስምምነት ወዲህ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ሥራ ጀመረ። ይህ ሁሉ ሰው ታዲያ በአንድ በዓል ሰሞን ይመለሳል እንዴ?

ከሰከላ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ከመጣነው መካከል አንዳንዶቻችን የእነዚህ ተመላሾች ልጆች ነን። ስለዚህ ማግሥቱን እናውቀዋለን። በሬው ተሽጧል፤ መሬቱን ወንድም ያርሰዋል፤ ትንሹ ልጅ «እማዬ፣ ይኼ ሰውዬ ማነው?» ይላል። ለቡሄ እረኞች ጅራፍ ሲያጮሁ አባት ከመደቡ ላይ ብድግ ይላል። ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ይጮሃል፤ ጧት ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ይህን ሁሉ የምትሸከመው እናት ናት። ጎረቤት ደግሞ ምን ይላታል? «ሆዱን ብታባቢው እኮ ይሻለው ነበር!» እኛን የሚቆረቁረን ይኼው ነው። ፊልሙ የሐኪሙን፣ የመሬቱንና የሥራውን ድርሻ በሙሉ ለፍቅር ያሸክመዋል፤ ሰውዬው ሳይድን ሲቀር ጥፋቱ የሚስቲቱ ይመስላል። እናቶቻችን ግን ፍቅር አጥሯቸው አያውቅም። ያጠራቸው የሚያግዛቸው ሰው ነው።

ይህ ነገር ለመምህር ምኑ ነው የሚል ቢኖር፣ ብዙ ነው እንላለን። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ይገጥመናል። ሰነፍ ነው ብለን አርጩሜ ከማንሣታችን በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ በለሆሳስ እንጠይቀው። በድንጋጤ የሚርደውን ልጅ ጠረጴዛ እየደበደብን አናስደንብረው። ወላጅ ሲመጣም ክሱን ትተን እናወያየው፤ ጤና ጣቢያ የሚያስፈልገውን ጤና ጣቢያ እንጠቁመው። ለወላጆች ቀን በሚዘጋጀው ድራማም ወታደርን ከሰልፍና ከሠርግ ላይ ብቻ አናምጣው። እርሻ ላይ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቅ፣ ከልጁ ጋር ደብተር ሲያገላብጥም እናሳየው።

የከተማችን ስም ፍኖተ ሰላም ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገድ ደግሞ ተሄዶ እንጂ ታቅፎ አያልቅም። ለበዓሉ ድራማ የምትጽፉ ጓደኞቻችን ሆይ፣ መተቃቀፉን አትሰርዙብን፤ ከእርሱ ቀጥሎ አንዲት ትዕይንት ብቻ ጨምሩልን፦ ማግሥቱን!