ሳይነሡ የተነሡት

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ ናይሮቢ ወደሚገኘው ጠባብ ቢሮዬ መጥቶ ሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። አማርኛ በቤቱ ይናገራል፤ መጻፉ ግን አይሆንለትም። «ጋሼ፣ ይህችን በአማርኛ አሳምርልኝ። የሐበሻ ሠርግ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ» አለኝ። እኔም እንዳለው አሳመርኩለት፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያው ከማሳመሩ ነው።

ስለዚህ ሙያ ገበያ የማውቀውን ያህል የነገረኝ እርሱ ነው። ዋጋው ከባልንጀሮቹ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ በወር ከሁለት ሠርግ በላይ አይቀበልም። ሌሎቹ ኬኩንም፣ ሊሞዚኑንም፣ እያንዳንዱን የእንግዳ ጠረጴዛም አንሥተው በፍላሽ ጭነው ያስረክባሉ። «ሁሉን የሚያነሣ ሰው የሚወዳደረው በዋጋ ብቻ ነው» ይላል። በልጅነቱ ለእንጀራ ሲል ያነሣቸውን ደማቅ ፎቶግራፎች ከድረ ገጹ አንድ በአንድ አውጥቷቸዋል፤ ደንበኛ የሚያዘው የሚያየውን ነውና። ወቅቱንም አስልቶታል። የእኛ ሠርግ ዐቢይ ጾም ሳይገባ በጥር፣ ከፋሲካ በኋላም በሚያዝያና በግንቦት ይበዛል፤ ኬንያውያን ደግሞ ኦገስትንና ዲሴምበርን ይወዳሉ። የአንዱ ባዶ ወር በሌላው ይሞላል።

ስልቱን በሦስት ቃል መግለጽ ይቻላል፦ ጥቁርና ነጭ፣ ከቅርብ፣ ያልተዘጋጀ። ዛሬ «የራሴ ስልት» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር በኮምፒውተር የተቀባ ቀለም መሆኑን ስለማውቅ መጀመሪያ ተጠራጥሬው ነበር። ሥራዎቹን ካየሁ በኋላ ግን ጥርጣሬዬን ተውኩት። አርአያው እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካዋ ከምበርላንድ ደሴት የተፈጸመው የጆን ኬኔዲ ልጅ ሠርግ ነበር። ሠርጉ በምስጢር የተያዘ ነበር። ሙሽሮቹ ከትንሿ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሙሽራው የሙሽሪቱን እጅ ሲስም ዴኒስ ሬጂ ያነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ግን ዓለምን አዳረሰች። የዜና ካሜራ ዐይን ወደ ሠርግ አዳራሽ መግባቱን ብዙ ሰው ከዚህች ምስል ጋር ያያይዘዋል።

የዚህ አሠራር አያት ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ነው። በ1952 ያሳተመው መጽሐፍ ለተርጓሚ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የፈረንሳይኛው ርእስ ያለ ፈቃድ መንገድ ዳር እየቸረቸረ ፖሊስ ሲመጣ ዕቃውን ሰብስቦ ስለሚሮጥ ሰው ከሚነገር አነጋገር የተወሰደ ነው፤ «በስርቆሽ የተነሡ ምስሎች» ብንለው ብዙም አንርቅም። እንግሊዝኛው ግን «ወሳኟ ቅጽበት» ተባለ። ሌባው ዳኛ ሆኖ ወጣ ማለት ነው። ይህን ለወጣቱ ባጫውተው ሳቀና «ታዲያ የሚሸጠው እንግሊዝኛው አይደል?» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። በቋንቋችን ፎቶ የምንነሣው ከመቀመጫችን በምንነሣበት ግሥ ነው። የእርሱ ሰዎች ደግሞ ሳይነሡ የተነሡ፣ ካሜራውን ያላዩ ናቸው። «ሳያውቁት» ብለው ማታለል መሰለብኝ፤ «በስርቆሽ» ብለው የሙሽራ አባት ይደነግጣል። እንዲህ እያልኩ ስወርድ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ደረስኩ። እንግሊዝኛው በማያሻማ አነጋገር፣ ሰው አሰልፌ አላነሣም፤ ያን የምትፈልጉ ሌላ ሰው ቅጠሩ ይላል። ልጅ ሊድር ጠብ እርግፍ ለሚል ሽማግሌ «ሌላ ሰው ፈልግ» ማለት በአማርኛ ነውር ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ «ከተለመደው አሰላለፍ ወጣ ባለ መልኩ የቤተሰብዎን ፍቅር በተፈጥሮ ውበቱ እናስቀራለን» ብዬ ጻፍኩ። ደስ የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። እምቢታው ግን የለበትም።

በተከታዩ ጥር የመጀመሪያው ትልቅ የሐበሻ ሠርግ ተገኘለት። የሙሽሪት አባት ጽሑፌን አንብበው ቀብዱን ከፈሉ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ከእኔ አጠገብ የተቀመጡት የአባትየው እናት፣ የሙሽሪት አያት ነበሩ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ለዚህ ሠርግ ሲሉ ፓስፖርት አውጥተው ከደብረ ብርሃን በአዲስ አበባ በኩል ሲመጡ አውሮፕላን መሳፈራቸው የመጀመሪያቸው ነበር። አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን ደጋግመው ያስተካክላሉ። ምሳው ካለቀ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ልጄ፣ መቼ ነው የምንነሣው?» አሉኝ። ደክሟቸው መሄድ የፈለጉ መሰለኝ። «ገና ነው እማማ፣ ኬኩም አልተቆረሰ» ብዬ መለስኩላቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ።

ወጣቱ በዚያ ቀን ካነሣቸው ሁሉ የላቀችው ፎቶግራፍ የእርሳቸው ናት። ሙሽሪት ጉልበታቸውን ስትስም ግንባሯ ከቀሚሳቸው ጥለት ላይ አርፏል፤ ሁለት የተሸበሸቡ እጆች ራሷን ከላይ ከድነዋታል። ምስሉ ከአያትየው ደረት ላይ ይቆረጣል። በድረ ገጹ የመጀመሪያዋ አደረጋት። በእርሷም ምክንያት ሁለት ኬንያውያን ቤተሰቦች ቀጠሩት።

በሰኔ እማማ ዐረፉ። ለልቅሶው ድንኳን የሚሆን ፎቶግራፍ ሲፈለግ ቤተሰቡ ያን ውድ አልበም ገለጠ። እጃቸው አለ፤ የነጠላቸው ጫፍ አለ፤ ከአንድ እንግዳ ትከሻ በስተጀርባ የደበዘዘ ግማሽ ፊት አለ። በመጨረሻ ድንኳኑ ውስጥ የቆመው ከፓስፖርታቸው ላይ ተወስዶ የተስፋፋው ምስል ነው።

አባትየው ደወሉልኝ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ አሉ» ብለው ዐረፍተ ነገሬን አነበቡልኝ። «"የቤተሰብዎን ፍቅር" ይላል። እናቴ ቤተሰብ አይደለችም ወይ? ቀኑን ሙሉ ተነሡ የሚላት ስትጠብቅ ነው የዋለችው።» የእማማ ጥያቄ የገባኝ ይህን ጊዜ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ቃል መመርመር እንጀራዬ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ግሥ በተሳሳተ ፍቺው ሰማሁ። ካሜራው ደግሞ ከእኛ ዐሥር እርምጃ አይርቅም ነበር።

ለወጣቱ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ እኮ በግልጽ ጽፌ ነበር» አለ። ጽፏል። አንድ ሰው ስልቱን ከፍ ባለ ዋጋ ሲሸጥ፣ ከሚሰጠው ይልቅ የማይሰጠው ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ገዢው ያጣውን የሚያውቀው ቀብድ ከከፈለ በኋላ ከሆነ ገበያ ሳይሆን ወጥመድ ነው። እርሱ የዘረጋው አልነበረም፤ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቅዳሜዎች ተነጋገርን። ስለ ማሊው ሴይዱ ኬይታ ያነሣሁበት እኔ ነኝ። ኬይታ በ1948 ባማኮ ላይ ስቱዲዮ ሲከፍት መጋረጃ ያደረገው የራሱን ዘርፋማ የአልጋ ልብስ ነበር። ሰዎቹ ይዘጋጃሉ፣ ይለብሳሉ፣ ካሜራውን ትክ ብለው ያያሉ፤ ያም ሆኖ ሥራው የማን እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል። በ1994 ፓሪስ ላይ በትልቅ ዐውደ ርእይ ሲታይ ተመልካቹን ያስደነቀው ያው የሰፈር ደንበኛው ነበር። ወጣቱ ምስሎቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «እነዚህ እኮ ተነሥተው የተነሡ ናቸው» አለ።

ጽሑፉን እንደ አዲስ ሠራነው። «ሰው አሰልፌ አላነሣም፤ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ የሚሹ ከሆነ ሌላ ባለሙያ ቢይዙ ይሻላል» የሚለው አሁን በአማርኛውም በሁለተኛው መስመር ላይ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ አዲስ ነገር ገባ፦ ከምሳ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ወንበርና አንድ ጨርቅ፤ የሁለቱም ወገን አረጋውያን በየስማቸው እየተጠሩ ለየብቻቸው ይነሣሉ። ፈገግ በሉ አይባሉም። ምስሉ በወረቀት ታትሞ ለራሳቸው ይሰጣል። ለብቻው እንዲያስከፍልበት መክሬው ነበር፤ አልሰማኝም።

ሁለት ቤተሰቦች አዲሱን ጽሑፍ አንብበው ሄዱ። አንዲት እናት «ትዕቢተኛ ነው» ብለዋል አሉ። የቀሩት ግን ምን እንደሚገዙ አውቀው ይመጣሉ፤ ኬንያውያኑም ሾሾአቸውን ይዘው ወንበሩ የት እንዳለ ይጠይቃሉ።

የእጆቹን ፎቶግራፍ ግን ከድረ ገጹ አውርዶት ነበር። መልሶ ያወጣው እንደሆነ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ አባትየው ቤት አብረን ሄድን። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ ማናችንም ነገሩን አላነሣንም። በመጨረሻ ወጣቱ በተሰባበረ አማርኛው ጠየቃቸው። አባትየው ምስሉን ከስልኩ ላይ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ይኑር» አሉ። «ግን ስሟ ይጻፍበት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የስማቸውን ፊደል አንድ በአንድ ነገሩኝ።