የልጆች የሥዕል ድፍረት በሆሳዕናና በዱራሜ ደጆች

የአንድ ልጅ የሥዕል ድፍረት የሚታወቀው ሰው እያየው፣ "ልክ ነው?" ብሎ ሳይጠይቅ መስመር ሲያሰምር ነው። ይህ ከእጅ ብልሃት የተለየ ነገር ነው። እጃቸው የሰላ ሆኖ ወረቀቱን በክንዳቸው የሚሸፍኑ ልጆች አሉ፤ እጃቸው ገና ያልጠና፣ ግን ያገኙትን ግድግዳ ሁሉ በከሰል የሚሞሉም አሉ።

የአራት ዓመት ሕፃን ይህ ድፍረት አይጎድለውም። የሚጠፋው በኋላ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ተመራማሪው ቪክቶር ሎወንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፉ የልጆችን ሥዕል በዕድሜ ደረጃዎች ከፍሎ አሳይቷል። በእሱ አከፋፈል ልጅ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ሥዕሉን ከእውነተኛው ነገርና ከእኩዮቹ ሥራ ጋር ማስተያየት ይጀምራል። የሣላት ላም ላም እንደማትመስል የሚታየው ያኔ ነው። "እኔ አልችልም" የሚለው ቃልም በዚሁ ጊዜ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚሥለው በዚያ ዕድሜ ያቆመውን ሥዕል ነው።

በትምህርት ቤት የክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። ተማሪ በበዛበት ክፍል ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጀበና ሥሎ ተማሪዎቹ ሲገለብጡ ነው። መለኪያው መምሰል ብቻ ይሆናል፤ ያውም ማነጻጸር በሚያምበት ዕድሜ።

ሥዕሉ ወደ ደጅ ሲወጣ መለኪያው ይቀየራል። ሰፊ ግድግዳ ወይም የተጠረገ ሜዳ ልጁን ከጣቱ ይልቅ በሙሉ ክንዱ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ ላጲስ የለም፣ ኅዳግ የለም፣ አሥር ልጅ አብሮ በሠራው ሥዕል ውስጥ የማን መስመር እንደጠመመ የሚቆጥርም የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አላፊ አግዳሚው ነው። ከገበያ የሚመለሱ እናት ቆም ብለው "ይቺ ምንድን ናት፣ ልጄ?" ሲሉ ልጁ ሥራውን በአፉ ማስረዳት አለበት። አንድ ጊዜ ያስረዳ ልጅ በሚቀጥለው ቀን ሳይጠየቅም ይናገራል።

ሆሳዕና ላለችበት ለሐዲያና ዱራሜ ላለችበት ለከምባታ ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። የጎረቤቱ ሀላባ ሕዝብ ቤቶች የሚታወቁት በቀለም በተዋቡ ግድግዳዎቻቸው ነው፤ በቁሊቶ ከተማ ዙሪያ የሚያልፍ መንገደኛ ክብ ጎጆዎቹን ያስጌጡ መስመሮችንና የእንስሳት ሥዕሎችን ከመኪና ሳይወርድ ያያል። በአካባቢው ግድግዳ የቤቱ ፊት ነው፤ በላዩ ላይ መሣልም እንደ ማበላሸት አይታይም። አዲስ አበባ መካኒሳ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የሥነ ጥበብ ባለሙያዎቹ የኤልያስ ስሜና የመስከረም አሰግድ ዞማ ሙዚየም ግድግዳዎችም በጭቃና በጭድ ተሠርተው በጥምዝምዝ ቅርጽ የተዋቡ ናቸው። በገጠር ቤት ሲለስኑ ያደጉ እናቶችና አያቶች ያን ግድግዳ ቢያዩ ሥራውን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልጋቸውም። ልጆችን ደጅ የሚያሠራ መምህር መጀመሪያ መጥራት ያለበትም እነሱን ነው።

ጊዜውንም የአካባቢው አቆጣጠር ያመቻቸዋል። ሐዲያ ያሆዴን፣ ከምባታም መሳላን የሚያከብሩት በመስከረም ስለሆነ፣ የክረምት ዕረፍቱ መጨረሻ ከበዓል ዝግጅት ጋር ይገጣጠማል። ዝናቡ ግን በዚያ ሰሞን ገና አያስተማምንም፤ በክረምት ጣሪያ ያለው በረንዳ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ክፍት ሜዳ ይመረጣል።

ቀለም መግዛት የግድ አይደለም። ቀይ አፈር በወንፊት ተነፍቶ በውኃ ሲቀጠን ጥሩ ቀለም ይወጣዋል፤ ከሰል ጥቁሩን፣ አመድ ግራጫውን፣ ነጭ አፈር ከተገኘ ነጩን ይሰጣል። በቀጭኑ የተበጠበጠ የስንዴ ዱቄት ሙጫ ሲጨመርበት ቀለሙ ቶሎ አይረግፍም። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ለሕፃናት እጅ አይሰጥም። የእንሰት አገር በመሆኑ ብሩሹም ከጓሮ ይገኛል፤ እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ ቃጫ ሰፊ መስመር ያሰምራል፣ የደረቀ የኮባ ቅጠል ደግሞ ተቆራርጦ ይለጠፋል። ልጆቹ አፈሩን ራሳቸው ፈልገው ሲያመጡ ሥራው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ የየትኛው ገደል አፈር ይበልጥ እንደሚቀላ ከመምህራቸው ቀድመው ያውቁታል።

ሸክላ ለብቻው ሊነሳ ይገባል። በሐዲያም ሆነ በከምባታ ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች ለረጅም ዘመን ተንቀዋል፤ ጋብቻና ማዕድ ተነፍገው ኖረዋል። ያ ንቀት ከልጆች ጆሮ ገና አልራቀም። አፈር በሚቦካበት ደጅ ግን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከሁሉ ቀድማ ታውቃለች፦ የትኛው ጭቃ እንደሚሰነጠቅ፣ ምን ያህል እንደሚታሽ። እናቷ በአስተማሪነት ስትጠራ፣ ስሟም በክብር ሲነሳ፣ አንድ ስብሰባ ሙሉ የማይለውጠውን የልጆች አቀማመጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ሊለውጠው ይችላል። ሥራውን ከእነሱ ወስዶ ሠሪዎቹን ደጅ ማስቀረት ግን ንቀቱን በሌላ መልክ መድገም ነው።

በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት መኖሩም ለከተማዋ ዕድል ነው። የጋራ ግድግዳ ላይ የሚሰማና የማይሰማ ልጅ አስተርጓሚ ሳይጠብቁ መሥራት ይችላሉ፤ በሐዲይሳ፣ በከምባትሳና በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆችም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ በቀላሉ የሚያፈርሰው ሽልማት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ለያይተው፣ አንዱን ወገን "ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ" አሉት። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ሲታዩ፣ እነዚያ ሕፃናት ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። በትምህርት ቤት በዓላት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ ደብተር መሸለም የተለመደ ነው፤ ሦስት ልጅ ደስ ይለዋል፣ የቀረው ሁሉ ሠዓሊ አለመሆኑን ተምሮ ወደ ቤቱ ይገባል። "ጎበዝ" ብሎ ከማለፍም "ይህን ቀለም እንዴት አገኘኸው?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ልጁ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሥራው እንዲያስብ ያደርገዋል።

የልጁን መስመር "ላስተካክልልህ" ብሎ ብሩሹን የሚቀበል ትልቅ ሰውም ከሽልማቱ አይተናነስም። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ግድግዳው ማታ በአዋቂ ሠዓሊ ቢታደስ፣ ልጆቹ ጠዋት መጥተው የራሳቸውን ሥራ ያጡታል። ግድግዳው የሰው ከሆነ ባለቤቱን አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ የአፈር ቀለሙን የሚቀጥለው ክረምት እንደሚያጥበውም ለልጆቹ ከመጀመሪያው መንገር ያስፈልጋል። ግድግዳው በየዓመቱ እንደ አዲስ ከተለሰነ፣ አምና ብሩሽ አቀባይ የነበረው ታናሽ ዘንድሮ የራሱን ቦታ ያገኛል።