የሠሩት እና ያሠሩት

ቤተሰባችን ውስጥ «አባባ የሠሩት ቤት» የሚባል ቤት አለ። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ አፋፍ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በረንዳው ወደ ውሃው የዞረ። አባባ ግን የቢሮ ሰው ነበሩ። እማማ እንደሚሉት፣ መዶሻ ከያዙ ምስማሩን ሳይሆን ጣታቸውን ነበር የሚመቱት። ቤቱን አልሠሩትም፤ አሠሩት።

በ«የሠሩት» እና በ«ያሠሩት» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ፊደል ነው። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ በአንድ ፊደል ምክንያት ሙሉ ሲስተም ሲወድቅ ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ አያልፍም። እኛ ሥራ ላይ ጊት የሚባል ነገር አለ። እያንዳንዷን መስመር ማን እንደጻፋት፣ ማን መቼ እንደቀየራት ይመዘግባል። ሰውየው ሥራ ከለቀቀ ዓመታት ቢያልፉም ስሙ እዚያው መስመሯ ላይ አለ። ቤት ግን ጊት የለውም።

ያለን የአባባ የወጪ ደብተር ነው። ቦታውን በ1962 ዓ.ም. እቁብ ሲወጣላቸው ገዙ፤ በዓመቱ ግንባታ ጀመሩ። ደብተሩ ላይ ምስማር በኪሎ፣ ቆርቆሮ በቁጥር፣ ባሕር ዛፍ በሸክም ተጽፏል። ሰው ጋ ሲደርስ ግን «አናጢ»፣ «ጭቃ ረጋጭ 4»፣ «ውሃ ቀጂ 3» ይላል። በቃ። የመስኮቱ መቀርቀሪያ ስንት እንደተገዛ እናውቃለን፣ መስኮቱን ማን እንደገጠመው አናውቅም።

የጭቃ ቤት አሠራር ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይመታል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይብላላል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያ በእጅ ይመረጋል። ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ ላይ ሁለተኛው ምርጊት ይገባል፣ በመጨረሻ ይለሰናል። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ይይዘዋል። ኢንጂነሪንግ ስማር ብረት ኮንክሪትን እንዴት እንደሚይዝ ብዙ ነገሩን፤ ስለ ጤፍ ጭድ ግን ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ይህ ሁሉ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ባቦጋያ የቀለጠ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተፈጠረ ጉድጓድ ነው። ጥልቀቱ 65 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ዳርቻውም ቁልቁለት ነው። ቤቱ ያለው አፋፉ ላይ፣ ውሃው ደግሞ ታች። ስለዚህ ለዚያ ሁሉ ጭቃ የሚሆነው ውሃ በሴት ጀርባ፣ በእንስራ ወጣ። አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች ይላሉ እማማ። ሴቶቹ አማርኛ አይሰሙም፣ እማማ ኦሮምኛ አይሰሙም፤ ቡና ግን አብረው ይጠጡ ነበር። «ወንዶቹ ረገጡት ይባላል» ይላሉ፣ «ውሃውን ማን አውጥቶላቸው ነው የረገጡት?»

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ተፈቀደ። አባባ አዲስ አበባ ተከራይ ስለነበሩ በስማቸው ያለው ቤት ያ የሐይቁ ዳር ጎጆ ብቻ ነበር። ተረፈላቸው። እኛ ቤት ይህ ታሪክ በየዓውዳመቱ ይነገራል። ቤቱ ከአዋጅ እንዴት እንደተረፈ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከዝናብ እንዴት እንደተረፈ ግን የነገረኝ አልነበረም።

የጭቃ ቤት አንዴ ተሠርቶ አያልቅም። ክረምቱ የታችኛውን ምርጊት ይበላዋል፣ ምስጥ ቋሚውን ይበላዋል። ላለፉት 30 ዓመታት ያንን ሲጠግኑ የኖሩት ቤተሰቡ «ዘበኛው» የሚላቸው፣ እኔ «ጋሼ» የምላቸው ሰው እና ባለቤታቸው ናቸው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ያቦካሉ፣ ይመርጋሉ፣ ይለስናሉ። በስተምዕራብ ያለው ግድግዳ የተናደ ጊዜ ከመሠረቱ ጀምረው አቆሙት። ዛሬ ዘመድ ፎቶ የሚነሳበት ግድግዳ እሱ ነው። ከአባባ ዘመን ጭቃ ስንቱ እንደቀረ እንጃ፤ ብዙ አይመስለኝም።

አሁን ሎጅ መሥራት የሚፈልግ ሰው መጥቷል። ጥሩ ብር ነው፤ አልዋሽም፣ እኔም ሳስበው ልቤ ይመታል። እናቴና አራቱ ወንድሞቿ ለመነጋገር ቀን ቆርጠዋል። ስንት ይጠየቅ፣ እንዴት ይካፈል ተብሎ ግሩፓችን ላይ ሳምንቱን ሙሉ ሲጻፍ የጋሼ ስም አንድ ጊዜ አልተነሳም። እኔ ሳነሳው ትልቁ አጎቴ «ደሞዙን ሲበላ ኖሯል እኮ» አለ።

እውነቱን ነው፣ ተከፍሏቸዋል። ውሃ ቀጂዎቹም ተከፍሏቸዋል። ግን ለመካፈል የተቀመጥነው ምኑን እንደሆነ ልብ በሉ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሰው ንብረት የሚሆነው መሬቱ ላይ የተገነባው ነው። አንቀጹ ይህን መብት ሲሰጥ በጉልበቱም በገንዘቡም ለገነባ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ጋሼ በዚህ ተከራክረው ይረታሉ እያልኩም አይደለም። ነገር ግን ሕጉ እንኳ ጉልበትን ከገንዘብ አጠገብ ከጻፈው፣ እኛ ቤት ውስጥ አንዱን ብቻ ለምን እንቆጥራለን? እነሱ ባይመርጉት ኖሮ ዛሬ በስማችን የሚሸጥ ቤት አይኖርም ነበር፤ ሰነዱ ብቻ ይቀረን ነበር።

ስለዚህ ለስብሰባው አንድ ገጽ አዘጋጅቻለሁ። ጋሼን በስልክ ጠይቄ፣ የትኛው ግድግዳ መቼ እንደታደሰ፣ የትኛው ቋሚ መቼ እንደተቀየረ በዓመት በዓመቱ ጻፍኩት። ከጎኑ የእሳቸውና የባለቤታቸው ስም አለ። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ድርሻው በአምስት ሳይሆን በስድስት ይሁን።

አጎቶቼ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ግን የቤቱ ግማሽ የእማማ ነው፤ እሳቸው ሳይፈርሙ የሚሸጥ ነገር የለም። ገጹን ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ውሃ ቀጂዎቹንም ጻፋቸው» አሉኝ።

ስማቸውን አላስታወሱም። «ሦስት ሴቶች፣ አንዷ ነፍሰ ጡር» ብዬ ጻፍኩ።