የክረምት መውጣት በአሶሳ ጓሮ

ተፈጥሮን በፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ ሩቅ አገር መሄድ የሚያስፈልግ ይመስለን ነበር። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ለሥራ በአሶሳ ከተማ በተቀመጥን ጊዜ፣ የተከራየነው ቤት ጓሮ ብቻውን ለብዙ ወራት ትምህርት የሚበቃ ሆኖ አገኘነው።

በነሐሴ መጀመሪያ ከጓሮው በር ደፍ ላይ ቆመን ማንጎውን፣ የቀርከሃውን ቁጥቋጦና ከበላያቸው ያለውን ሰማይ አነሣን። ከዚያም ወዲያ በየቅዳሜው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከዚያው ደፍ ላይ እንድናነሣ ከልጆቻችን ጋራ ተስማማን። ስፍራውና ሰዓቱ አንድ ከሆነ፣ በሥዕሉ ላይ የሚለወጠው ዘመኑ ብቻ ነውና።

አሶሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10ኛው ዲግሪ አጠገብ ስለ ሆነች፣ በነሐሴ 20 ግድም ፀሐይ በቀትር በአናት ላይ ታልፋለች፤ ደመናው ተገልጦ በዚያ ሰዓት ቢያነሡ ጥላው ሁሉ ከእግር ሥር ስለሚሰበሰብ ሥዕሉ አያምርም። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል የዝናቡም መቀነት በዝግታ ይከተላታል፤ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ እየደከመ ሄዶ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነሣው ደረቅ ነፋስ ይተካዋል። በነሐሴ አመድ መስሎ የነበረው ሰማይ በመስከረም ተከፋፈለ፤ ከቀትር በኋላም እንደ ተራራ የቆመ ነጭ ደመና ይታይ ጀመር። ባሕረ ሐሳብ ክረምትን መስከረም 25 ቀን ያስወጣዋል፤ የአሶሳ ዝናብ ግን ከጥቅምትም ይሻማል። ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ሲያበቃ ሰማዩ እጅግ ይጠራል፤ ይህም ጥራት የሚቈየው ሣሩ ደርቆ ቃጠሎው እስኪጀመርና ጢሱ አድማሱን እስኪሸፍነው ድረስ ነው።

በጥቅምት ወር በአንዱ ቅዳሜ ልጃችን «ቀርከሃው ምን ሆኗል?» ብላ ጠየቀችን። ቀርበን ብንመለከት እንደ ኳስ የተድበለበለ እሾሃማ ነገር በየአንጓው ወጥቶበታል። የቤቱ ባለቤት የሆኑትን የበርታ ሽማግሌ ጠርተን ብናሳያቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ይህ አበባው ነው። ቀርከሃ በዕድሜው አንድ ጊዜ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ግን ይሞታል። ይህን የተከለው አባቴ ነበር» አሉን። በዚያ አገር ቀርከሃ አጥርም፣ ቤትም፣ ቅርጫትም ነው፤ በክረምትም ቡቃያው ይበላል። ስለዚህ ሐዘናቸው ስለ ጓሮ ጌጥ ብቻ አልነበረም።

ያነሣናቸውንም ሥዕሎች ሁሉ በፊታቸው ዘረጋን። እኛ የምንወደው የመስከረሙን ባለ ደመና ሥዕል ነበር፤ እርሳቸው ግን የመጀመሪያውን፣ ሰማዩ ጨፍግጓል ብለን ልንጥለው የነበረውን መረጡ። በእርሱ ላይ ቀርከሃው ለምለም ሆኖ ቆሟልና። አሳትመን ሰጠናቸው፤ በጀርባውም ቀኑንና ስፍራውን ልጃችን ጻፈችበት።

በዓመቱ ቁጥቋጦው ደርቆ ተቈረጠ፤ ከወደቀው ዘር የበቀለውም ገና እንደ ሣር ቀጭን ነበር። ልጆቻችንም ቅዳሜ ቅዳሜ እርሱን ያነሡት ጀመር።

እንግዲህ ፎቶግራፍ ማንሻ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ፣ ያማረ ነገር እስኪመጣ ሳይጠብቅ በደጁ ያለውን ዛሬ ያንሣ፤ ቀኑንም ይጻፍበት። የትኛው ሥዕል ለማን እንደሚጠቅም አስቀድሞ አይታወቅምና።