በነፃ የመጣው ሣጥን
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)

የሰው ልጅ በጥበቡ ካስገኛቸው ነገሮች አንዱ ቴሌቪዥን ነው። በአገራችን ይህ መሣሪያ ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ጣቢያ አንድ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በኢንተርኔት አማካይነት የዓለም ጣቢያ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ሣጥን ተጠቃሎ እቤታችን ድረስ ሊመጣ ችሏል። ይሁን እንጂ ጥበብ ከጥንቃቄ ጋር ካልሆነ ሰውን ወደ ስሕተት መምራቱ አይቀርም። እኔም ይህን የተረዳሁት ዓምና በገዛ እጄ ባደረግሁት ነገር ስለ ሆነ፣ ለውድ ጓደኞቼ፣ ለክቡራን መምህራንና ለወላጆች ለማካፈል ብዕሬን አነሣሁ።

ዓምና በገና ሰሞን በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የሚኖረው የእናቴ ታናሽ ወንድም ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል ከአንድ ሳሙና የማትበልጥ ጥቁር ሣጥን ነበረች። አጎቴ ሣጥኗን ከቴሌቪዥናችንና ከኢንተርኔቱ ጋር አገናኝቶ ሪሞቱን አንድ ጊዜ ቢጫነው፣ ለቍጥር የሚያታክቱ ጣቢያዎች ተደረደሩ። የአማርኛው ፊልም፣ የውጭው ፊልም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ኳስ ሁሉ አለ። አባቴ «የወሩ ክፍያ ስንት ነው?» ብለው ቢጠይቁት አጎቴ ሣቀና «በነፃ ነው! ሣጥኗን ከአንድ ሰው ገዛኋት፤ ከዚያ ወዲያ የሚከፈል የለም» አለ። አባቴም ዝም አሉ። እኔ ግን በዚያች ሌሊት ከደስታዬ ብዛት የተነሣ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በሰፈራችን ከአስፋልቱ ማዶ አንድ «ዲኤስቲቪ ቤት» አለ። ባለቤቱን እኛ ልጆች ሁላችንም «ጋሼ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ኳስ ባለ ጊዜ መግቢያው 20 ብር ነው። በደጁ ቆሞ ገንዘቡን የሚቀበለውና አግዳሚ ወንበሩን የሚደረድረው ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የሚቀመጥ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። በየቅዳሜው 60 ብር ይከፈለው ስለ ነበረ፣ በእርሱ ደብተርና እስክሪፕቶ ይገዛል፤ የተረፈውንም ለእናቱ ይሰጣል።

እኔም በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት ጓደኞቼን ጠራሁ። በሁለተኛው ሰባት ሆኑ። በሦስተኛው አሥራ አራት ሆነው ሳሎናችንን ሞሉት። ያን ጊዜ «የኢንተርኔቱ ሒሳብ ከየት ይመጣል?» የሚል ሰበብ ፈጠርሁና ከእያንዳንዳቸው 10 ብር መቀበል ጀመርሁ። እናቴም ልጆቹ ከመንገድ ላይ ከሚውሉ ቤት ውስጥ ቢሆኑ ይሻላል ብላ አልከለከለችኝም። እንዲህ እያልሁ ዘጠኝ ቅዳሜ አለፈ። ከማዶ ያለው ቤት ወንበሩ ባዶ እየሆነ መሄዱን አይቼ ነበር። ነገር ግን አይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ።

በዘጠነኛው ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በራችን ተንኳኳ። ብከፍት ያ የዴስክ ጓደኛዬ ቆሟል። ኳስ ሊያይ የመጣ መስሎኝ «ግባ፣ ከአንተ አልቀበልም» አልሁት። እርሱ ግን አልገባም። አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ ሰው ስለ ጠፋ ቅዳሜ እንዳልመጣ ነግረውኛል። አንተ ዘንድ ሰው በዝቷል ሲሉ ሰማሁ። በር ላይ ገንዘብ የሚሰበስብልህ ሰው አትፈልግም ወይ?» አለኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ! ቢሰድበኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ቢማታም እመታው ነበር። ይህን ባለኝ ጊዜ ግን የምናገረው ጠፋኝ። የዚያን ዕለት ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት የዜግነት ትምህርት መምህራችንን ለብቻቸው አግኝቼ ነገሩን ከነገርኋቸው በኋላ «ታዲያ እኔ ምን ሰረቅሁ? ከማንም ኪስ አልወሰድሁ። ጣቢያውም እንደ ሆነ በስፍራው አለ» ብዬ ተከራከርሁ። መምህራችንም አልተቈጡም። ይልቁንም ሕጉ እንዴት እንደሚያስብ ያስረዱኝ ጀመር።

«በመጀመሪያ» አሉ፤ «ቴሌቪዥን በኢንተርኔት ማየት በራሱ ወንጀል አይደለም። በነፃ የመጣም ሁሉ ስርቆት አይደለም። ብዙዎቹ የአገራችን ጣቢያዎች ዝግጅታቸውን ራሳቸው በዩቲዩብ ያቀርባሉ፤ ባለቤቱ ከሰጠህ ተመልከት። ሕግ የሚጠይቀው በየትኛው ሽቦ መጣ ብሎ ሳይሆን፣ ለሕዝብ ያቀረበው ማን ነው? ከባለቤቱስ ፈቃድ አለው ወይ? ብሎ ነው።»

ከዚያም ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ሲደነግግ፣ በቤተ ሰብ መካከል ወይም በትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የሚደረግን ትርኢት ደራሲው ሊከለክል እንደማይችል ይናገር ነበር። «እንግዲህ ሕግ ለቤተ ሰብና ለተማሪ እንዲህ የሚራራ ነበር። አንተ ግን ከቤትህ ደጅ ላይ ዋጋ አቆምህበት» አሉኝ።

ያን የሕግ ክፍል የተካው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ነው፤ እርሱም በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 872 ተሻሽሏል። በዚህ አዋጅ መሠረት የደራሲው የገንዘብ ጥቅም በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላም እስከ 50 ዓመት ይጠበቃል። የቴሌቪዥን ጣቢያም ያሰራጨውን ዝግጅት ሌላው ሰው መልሶ እንዳያሰራጭበት ለ20 ዓመት ይጠበቅለታል።

እኔም ማምለጫ የሚሆን ቀዳዳ ስፈልግ፣ በአዋጁ የውጭ አገር ሥራ የሚጠበቀው አገራችን በገባችበት ስምምነት መጠን መሆኑን በሰማሁ ጊዜ «እንግዲያስ የእንግሊዝ ኳስ ከሆነ ምናልባት አያስጠይቅ ይሆናላ!» አልሁ። መምህራችን ፈገግ ብለው «በሣጥንህ ውስጥ የአማርኛ ፊልም የለም ወይ? ደግሞስ ጋሼ እንግሊዛዊ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ለሁለቱም ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

በሌሎች አገሮችም ይህ ክርክር ብዙ ፍርድ ቤት አድክሟል። በአሜሪካ ኤሪዮ የተባለ ኩባንያ ሣንቲም የምታህል ትንሽ አንቴና ለእያንዳንዱ ደንበኛ እየመደበ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ዝግጅት በኢንተርኔት ያሳይ ነበር። «እኔ አንቴና አከራያለሁ እንጂ አላሰራጭም» ብሎም ተከራከረ። ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በ6 ዳኞች ድምፅ፣ ሦስቱ ተቃውመው፣ ሥራው ያለ ፈቃድ ለሕዝብ ማቅረብ ነው ሲል ፈረደበት። በኔዘርላንድስ ደግሞ እንደ እኛ ያለችዋን ሣጥን፣ ወደ ሕገ ወጥ ጣቢያዎች የሚመራ መሣሪያ አስቀድሞ እየጫነባት የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በሰጠው ውሳኔ ሻጩ ራሱ ሥራውን ለሕዝብ እንዳቀረበ ይቈጠራል አለ። ያለ ፈቃድ መቅረቡን እያወቀ የሚመለከተውም ሰው በሕጉ ከለላ ሊጠለል እንደማይችል ገለጠ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን አገልግሎት ለትርፍ የሚያካሂዱትን እስከ 10 ዓመት እስራት ሊያደርስባቸው ይችላል። ይህ ሕግ ያነጣጠረው በነጋዴዎቹ ላይ እንጂ በቤቱ ተቀምጦ በሚያየው ሰው ላይ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን መምህራችን በመጨረሻ የነገሩኝ ነው። በእንግሊዝ አገር ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የሚደረገው የሊግ ጨዋታ፣ እኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የምናየው ማለት ነው፣ በዚያው በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን በቀጥታ አይተላለፍም። ይህም ልማድ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ነው። ምክንያቱም ሕዝቡ ታላላቆቹን ቡድኖች በቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ከሆነ የትንንሾቹ ቡድኖች ሜዳ ባዶ ይቀራል፣ በደጃቸው ትኬት የሚገዛም ይጠፋል ተብሎ ስለ ተፈራ ነው። ይህን ስሰማ ያ ጓደኛዬ በጋሼ ደጅ ላይ ቆሞ ታየኝ። እንግሊዞቹ ለትንሹ ሜዳ ደጅ ሲሉ ቴሌቪዥናቸውን ሲዘጉ፣ እኔ ለ140 ብር ብዬ የጎረቤቴን ደጅ ዘጋሁ።

በዚያው ሳምንት አጎቴ በስልክ ሲደውል ነገርሁት። እርሱም «ኧረ ተው! እዚህ የማይዛት ሰው የለም። ሕጉም እኔን አይነካኝም» አለ። «አዎን አጎቴ፤ አንተን ላይነካህ ይችላል፤ እኔ ግን ገንዘብ ተቀብዬበታለሁ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እኔስ የገዛኋት የአገሬን ቋንቋ ለመስማት ብዬ ነበር» አለኝ። ይህም ቃሉ እውነት ስለ ነበረ፣ ጣቢያዎቹ ራሳቸው የሚያቀርቡበትን አድራሻ ላክሁለት።

ከዚህ በኋላ ወደ ጋሼ ሄድሁ። በልቤ «እርሳቸውስ ቢሆኑ የቤት ክፍያ እየከፈሉ ሕዝብ እያስገቡበት ይሆናል» የሚል አሳብ ነበረኝ። እርሳቸው ግን ለንግድ ቤት የተመደበውን ከፍ ያለ ክፍያ በየወሩ የከፈሉበትን ደረሰኝ ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ። አፈርሁ። ካጠራቀምሁት ላይ ለኢንተርኔቱ ከፍዬ፣ ለጓደኞቼም ለስላሳ ገዝቼ የተረፈኝን 420 ብር በፊታቸው አኖርሁ። ጋሼ አልነኩትም። «ልጄ፣ ለእኔ ጉዳት ይቅር ብዬሃለሁ። ለባለ ጨዋታዎቹ እንዳልቀበልልህ ውክልና የለኝም። ቅዳሜዎቹ ግን የዚያ ልጅ ነበሩ፤ ለእርሱ ስጠው» አሉኝ።

በማግሥቱ ዴስካችን ላይ ገንዘቡን ሰጠሁት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እርሱ ግን ተቀብሎ በጸጥታ ቈጠረውና «ሁለት ቅዳሜ ይጐድላል» አለኝ። ዘጠኝ ቅዳሜ በ60 ብር 540 ነውና ልክ ነበረ። የቀረውን 120 ብር በፋሲካ ዘመዶች ከሰጡኝ ገንዘብ ከፈልሁት። ሣጥኗም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች። ደንበኞቹ ቀስ በቀስ ሲመለሱ ጋሼ ጓደኛዬን እንደ ገና ጠሩት። እኔም ኳስ ማየት ስፈልግ 20 ብሬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሳይኖረኝ ሲቀር ውጤቱን ሰኞ ከእርሱ እሰማለሁ።

ውድ ጓደኞቼ! ሁላችንም ገንዘብ የሞላልን አይደለንም፤ ኳስም ፊልምም መውደዳችን ነውር አይደለም። ነገር ግን «በነፃ ነው» የሚል ነገር በቀረበልን ጊዜ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የሰጠን ሰው ባለቤቱ ነው ወይ? ባለቤቱ ካልሆነ ፈቃድ አለው ወይ? እኛ ሳንከፍል የቀረነውን ዋጋ የሚከፍልልን ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ አንዳንድ ጊዜ ሩቅ አገር ያለ ታላቅ ኩባንያ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ግን በአንድ ዴስክ አብሮን የሚቀመጥ ልጅ ነው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት እውነታቸውን ነው።