ስለ አንድ የሲኒማ ሰላይ ስንብት

ሰው ሁሉ ወደ አንድ ሥራ በሚገባበት ቀን ስለ መግባቱ ደስ ይለዋል እንጂ ስለ መውጣቱ አያስብም። በተሾመ ጊዜ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ «ሹመት ያዳብር» ይለዋል፤ እርሱም «አሜን» ብሎ ይቀበላል፤ ነገር ግን «ስንብትህንም ያሳምርልህ» ብሎ የሚመርቀው ከስንት አንድ ነው። እኛም 31 ዓመት በመንግሥት ሥራ ስንኖር ይህን ነገር አንድ ቀን እንኳ አላሰብነውም ነበር። ያሳሰበን የሽማግሌ ምክር ቢሆን ኖሮ ለክቡራን አንባብያን ለመናገር ባላፈርን፤ ነገር ግን ያሳሰበን ሲኒማ፥ ያውም የሰላይ ሲኒማ ስለ ሆነ ነገሩን ከሥሩ እንድናወጋ ይፈቀድልን።

ጡረታ በወጣን በሁለተኛው ወር፥ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ፥ ልጃችን ወደ ቤታችን መጥታ «አባባ፤ ዛሬ እንግዲህ ሥራ አለብኝ አይሉኝም፤ ከእኔ ጋር ተቀምጠው አንድ ፊልም ይዩ» አለችን። እምቢ የምንልበት ምክንያት ስላልነበረን ተቀመጥን። ፊልሙ «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ለመሞት ጊዜ የለም ማለት ነው። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ሲሆን፥ ዳንኤል ክሬግ የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ ጄምስ ቦንድ የተባለውን ሰላይ ሆኖ የታየበት የመጨረሻው ፊልም ነው።

ታሪኩን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት እንናገር፤ ዓመቶቹንም ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጄምስ ቦንድ በሕይወት የነበረ ሰው አይደለም፤ ኢያን ፍሌሚንግ የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ በአሳቡ የወለደው ነው። ፍሌሚንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የስለላ ክፍል ያገለገለ መኮንን ነበር። ከጦርነቱም በኋላ በጃማይካ ደሴት ባሠራው ቤት ተቀምጦ የቦንድን ታሪክ ይጽፍ ጀመር፤ የመጀመሪያውም መጽሐፍ በ1953 ታተመ። በ1962 ደግሞ የመጀመሪያው ፊልም ወጣ፤ ሰላዩንም ሆኖ የተጫወተው ስኮትላንዳዊው ሾን ኮነሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ እስከ 2021 ድረስ ያው የፊልም ማኅበር 25 ፊልሞች አወጣ፤ በእነዚህም ስድስት ሰዎች እየተተካኩ ቦንድን ሆኑ።

ከስድስቱ መካከል ስንብቱ ያማረለት ጥቂት ነው። ኮነሪ በ1967 ሥራውን ተወ፤ ነገር ግን በ1971 ተመልሶ አንድ ፊልም ሠራ፤ ደግሞም ከተወ በኋላ በ1983 ለሌላ ማኅበር ያንኑ ሰላይ ሆኖ ታየ። ጆርጅ ላዘንቢ በ1969 አንድ ፊልም ብቻ ሠርቶ ሄደ። ሮጀር ሙር ከ1973 ጀምሮ ሰባት ፊልሞች ሠርቶ የመጨረሻው በ1985 ሲወጣ ዕድሜው 57 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በኋላም ለዚያ ሥራ አርጅቶ እንደ ነበረ እርሱ ራሱ እየቀለደ ይናገር ነበር። ቲሞቲ ዳልተን ሁለት ፊልሞች ሠራ። ፒርስ ብሮስናን አራት ከሠራ በኋላ አምስተኛውን ሲጠባበቅ ዳግመኛ እንደማይፈለግ በስልክ ተነገረው። ሰላዩ ግን ተዋናዩ በተለወጠ ቁጥር አልሞተም፥ አላረጀም፥ ልጅም አላሳደገም። የሚቀመጥበት ሰው ቢለዋወጥ ወንበሩ እንደማይለወጥ፥ እርሱም እንደዚያው ነበር።

ክሬግ በ1968 በእንግሊዝ አገር በቼስተር ከተማ ተወለደ። በ2005 ለዚህ ሥራ በተመረጠ ጊዜ ጠጕሩ ወርቃማ በመሆኑ ብዙ ሰዎች «ይህስ ቦንድን አይመስልም» ብለው ነቀፉት። በ2006 «ካዚኖ ሮያል» የተባለው ፊልም ከታየ በኋላ ግን ነቀፋው ወደ ምስጋና ተለወጠ። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ይህ ነው። ያ የመጀመሪያ ፊልም በበርሊን ከተማ በታየበት ምሽት፥ ከፊልሙ አዘጋጅ ከባርባራ ብሮኮሊ ጋር በመኪና ሲሄዱ፥ ክሬግ ስንት ፊልሞች መሥራት እንዳለበት ጠየቃት፤ በመጨረሻውም ፊልም ሰላዩ እንዲሞት ትፈቅድለት እንደ ሆነ ለመናት፤ እርሷም እሺ አለችው። ይህን እርሱ ራሱ ከሥራው ከወጣ በኋላ ተናግሮታል። እንግዲህ ይህ ሰው ሹመቱ ገና በጸናለት ሌሊት፥ ሕዝብ በሚያጨበጭብለት ሰዓት፥ የሚወጣበትን በር ተመልክቶ ነበር ማለት ነው። ይህንንም አሳብ 15 ዓመት ሙሉ በልቡ ይዞ ኖረ።

በመካከሉ ያለው መንገድ ግን ቀላል አልነበረም። በ2008፥ በ2012 እና በ2015 ሦስት ፊልሞች ሠራ። በአራተኛው ፊልም ጕልበቱ ተጎድቶ ሐኪም ቀደደው፤ ሥራውም ሲፈጸም እጅግ ደክሞት ስለ ነበር ዳግመኛ ወደዚህ ሥራ ከመመለስ የከፋ ነገር ቢደርስበት እንደሚመርጥ በብስጭት ተናገረ። በዚህ ንግግሩ ብዙዎች አዘኑበት፤ እኛ ግን የደከመ ሠራተኛ በማታ የሚናገረው ቃልና በማግሥቱ የሚሠራው ሥራ እንደሚለያይ ስለምናውቅ አልፈረድንበትም። ተመልሶም አምስተኛውን ጀመረ፤ በ2019 በጃማይካ ሲሠሩ ቍርጭምጭሚቱ ተጎድቶ እንደገና ሐኪም ዘንድ ገባ። ፊልሙም አልቆ በ2020 በሚያዝያ ሊታይ ሲጠበቅ የኮሮና በሽታ በዓለም ላይ ስለ ወረደ ማሳያው ከአንድ ዓመት በላይ ዘገየ። በመጨረሻም መስከረም 28 ቀን 2021 በለንደን በሮያል አልበርት አዳራሽ፥ በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ልዑል ቻርልስ በተገኙበት፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

በፊልሙ ታሪክ ቦንድ ሥራውን ለቆ በጃማይካ ዓሣ እያጠመደ ይኖራል። ነገር ግን አንድ ክፉ መሣሪያ ስለ ተሰረቀ እንደገና ይጠራል። መሣሪያው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ሲሆኑ ከሰው ወደ ሰው በመነካካት ይተላለፋሉ፤ የሚገድሉትም የዘር ምልክቱ የተመረጠውን ሰው፥ ከተፈለገም ዘመዶቹን ጭምር ነው። ቦንድ በዚህ መካከል ቀድሞ የሚወዳትን ማድሌንን ያገኛታል፤ በቤቷም ማቲልድ የምትባል ዓይነ ሰማያዊ ሕፃን ያያል። በመጨረሻ ጠላቱ በደሴቲቱ ላይ ያንን መርዝ በቦንድ ላይ ያፈስሰዋል፤ መርዙም ለማድሌንና ለልጅቱ የተዘጋጀ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቦንድ ወደ ቤቱ ቢመለስ፥ ልጁንም ቢያቅፍ፥ እቅፉ ይገድላታል። ስለዚህ መሣሪያው የሚሠራበትን ቦታ እንዲያጠፉ እርሱ ራሱ ያስተኰሳቸው ሚሳይሎች ሲመጡ ከደሴቲቱ አልሸሸም፤ ቆሞ ጠበቃቸው። ልጅቱም በእርግጥ የእርሱ መሆኗን ከእናቷ የሰማው በዚያች ሰዓት በመገናኛ ነው።

በዚያ ሰዓት ልጅቱ በሽሽት ጊዜ የጣለችውን ትንሽ የጨርቅ አሻንጉሊት አንሥቶ በልብሱ ሸጕጦት ነበር። አሻንጉሊቱን ባየን ጊዜ ልጃችን ከአጠገባችን ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለችን፤ «አባባ፤ እርስዎ ወደ አውራጃ ለሥራ ሲሄዱ እኔ አሻንጉሊቴን በሻንጣዎ ውስጥ እደብቀው ነበር። ጠዋት ስነሣ ግን በመስኮቱ ላይ ተቀምጦ አገኘው ነበር»። እኛም «ልጄ፤ እንዳይጠፋብሽ ብለን ይሆናል» አልናት። እርሷም «እኔ እኮ የምከተው መልሰው እንዲያመጡልኝ ነበር» አለች።

ክቡራን አንባብያን፥ እውነቱን እንናገርና አሻንጉሊቱን ከሻንጣችን ማውጣታችንን እኛ አናስታውሰውም። የምናስታውሰው የጕዞውን ደብዳቤ ቍጥር፥ የመኪናውን መዘግየት፥ በየአውራጃው የፈረምንበትን መዝገብ ነው። አገራችን ሲተርት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል፤ ይህም ተረት ብዙ ሰው አሳስቷል። እኛን በጡረታችን የቆጨን ሲሾሙ አለመብላት አይደለም፤ ከልጃችን ጋር በአንድ ገበታ አለመብላታችን ነው።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ልጃችን ሌላ አጭር ሥዕል አሳየችን። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ የመጨረሻው ቀን ሥራ ሲፈጸም የተነሣ ነው። ክሬግ የግብዣ ልብሱን እንደ ለበሰ በሠራተኞቹ መካከል ቆሞ፥ ድምፁ እየተቈራረጠ፥ ዓይኑም እንባ ሞልቶ፥ በየጧቱ ከእነርሱ ጋር ለሥራ መነሣቱ በሕይወቱ ካገኘው ክብር ሁሉ ታላላቆቹ ከሚባሉት አንዱ እንደ ሆነ ነገራቸው። ያመሰገነው መብራት የሚይዘውንና ሽቦ የሚስበውን ሠራተኛ ጭምር ነበር። በኋላ በ2022 የአዲስ ዓመት የክብር ስም ዝርዝር የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ጊዮርጊስ ኒሻን ተሰጠው፤ ይህም በመጽሐፍ ውስጥ ለቦንድ የተሰጠው ያው ኒሻን ነው። የሞተበት ቦታ ሆኖ በፊልሙ የታየችው በፋሮ ደሴቶች ያለችው የካልሶይ ደሴት ናት፤ በዚያም የአገሩ ሰዎች በሕይወት ላልነበረ ሰው የመቃብር ድንጋይ አቁመውለታል።

ልጃችንም «እርስዎስ አባባ፥ ሥራዎን የለቀቁ ዕለት አልቅሰው ነበር?» ብላ ጠየቀችን። አላለቀስንም ነበር። ቍልፉን አስረከብን፥ ርክክቡን ፈረምን፥ ደጃፉ ላይ ለ19 ዓመት የተነሣልንን ዘበኛ እንኳ እጁን ሳንጨብጠው በመኪና ወጣን። ያለቀስነው ያን እሑድ ማታ፥ ልጃችን ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ነው። በማግሥቱም ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤታችን በእግራችን ሄደን ዘበኛውን ጠየቅነው፤ እርሱም «ጌታዬ፥ ምን ረስተው ነው?» አለን። «አንተን» ብለን መለስንለት።

ይህን የምንጽፈው በሥራ ላይ ያላችሁ ክቡራን ሥራችሁን እንድታቃልሉ አይደለም። ሥራ የሰው ክብር ነው፤ ለአገርም ግዴታ ነው። ነገር ግን ወንበሩ ከእኛ በፊት እንደ ነበረ ከእኛም በኋላ ይኖራል፤ በፊልሙም መጨረሻ ሰላዩ ከሞተ በኋላ ጄምስ ቦንድ ይመለሳል የሚል ጽሑፍ ይታያል። የማይመለሰው ሰውዬው ነው። ስለዚህ ወደ ሥራ የሚገባ ሁሉ በገባበት ሌሊት እንደዚያ ተዋናይ የሚወጣበትን በር ይመልከት፤ ወደ ማን እንደሚወጣም ይወቅ፤ በሻንጣውም ውስጥ ልጆቹ የከተቱትን ነገር ሳያይ አያውጣ።

የፊልሙ ፍጻሜ እንዲህ ነው። እናቲቱ መኪና እየነዳች አጠገቧ ለተቀመጠችው ለማቲልድ የአንድን ሰው ታሪክ እነግርሻለሁ ብላ ትጀምርላታለች፤ ስሙንም ትነግራታለች። ለልጁ የአባቷን ታሪክ የሚነግርላት ሌላ ሰው ሆነ። እኛ ግን እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። አሁን በየማታው ከልጃችን ቤት ራት እንበላለን፤ አራት ዓመት የሆናት የልጅ ልጃችንም ከራት በኋላ ተረት አምጡ ትለናለች። እኛም ስለ ሰላይ ሳይሆን አሻንጉሊት ከሻንጣው ስላወጣ አንድ ሞኝ ሰው እንነግራታለን፤ እርሷም ትስቃለች፤ እናቷም ትሰማለች። ለሁላችንም ፍጻሜያችንን ያሳምርልን።